የመዳም ዓሣ እንቁላል ጣለች? ገንዳውን ከማጠብሽ በፊት ይህን አንብቢ

ሪያድ ውስጥ ሳሎኑ አኳሪየም ባለበት ቤት የምትሠሪ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። ኮንትራትሽ ላይ «ዓሣ መንከባከብ» የሚል ቃል ላይኖር ይችላል። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ ቤቱን በምታጸዳው ልጅ እጅ ላይ ይወድቃል። ልጆቹ አልቅሰው ያስገዛሉ፣ ባባ ያስገጥማል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የምትመግቢውም የምታጥቢውም አንቺ ትሆኛለሽ። ዓሦቹ ደህና እስከሆኑ ድረስ ማንም ስለነሱ አይጠይቅሽም። የሞቱ ቀን ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አደረግሽባቸው?» ነው።

አብዛኛው ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በሰው ቤት ያለ ዓሣ የሚሞተው ስላልተጸዳለት ብቻ ሳይሆን ከልክ በላይ ስለተጸዳለትም ሊሆን ይችላል። አንቺ ደግሞ የለመድሽው ሙልጭ አድርጎ ማጠብ፣ እስኪያበራ መወልወል ነው፤ ጎበዝ የሚያስብልሽም እሱ ነው። የዓሣ ገንዳ ግን ሌላ ዓይነት ንጽሕና ይፈልጋል። በተለይ ዓሦቹ እንቁላል የጣሉ ከሆነ፣ ያልገባው ሰው «ቆሻሻ» የሚለው ነገር ልጆቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

እነዚህ ትንንሽ ዓሦች ምንድን ናቸው?

ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ወገን ላንቺ እንግዳ አይደለም። ከጣና፣ ከሐዋሳ፣ ከዝዋይ የሚወጣው ቆሮሶ፣ በሪያድ ሱፐርማርኬት «ቡልጢ» እየተባለ የሚሸጠው ዓሣ፣ ሲክሊድ ነው። የዚህ ወገን ትልቁ ጠባይ ለልጆቹ መጨነቁ ነው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

ድዋርፍ ሲክሊድ ማለት ደግሞ ድንኩ ዘመድ ነው። አብዛኞቹ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም። በሰው ቤት በብዛት የሚገኙት እነዚህ ናቸው።

1. ራም። ትውልዱ ከቬንዝዌላና ከኮሎምቢያ የኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ ነው። ሰማያዊ ነጠብጣብና ቢጫ ቀለም አለው። ሙቀት ይወዳል፣ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ። በጣም የሚያምረውም በቀላሉ የሚሞተውም እሱ ነው።

2. ክሪቤንሲስ። ከናይጄሪያና ከካሜሩን የመጣ አፍሪካዊ ነው። ሴቷ ለመውለድ ስትዘጋጅ ሆዷ እንደ ቼሪ ይቀላል። ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል። ጠንካራና ለጀማሪ የሚመች ነው።

3. አፒስቶግራማ። ከደቡብ አሜሪካ ነው። ወንዱ ትልቅና ባለቀለም፣ ሴቷ ትንሽ ናት። እንቁላል ስትጠብቅ ግን ደማቅ ቢጫ ትሆንና ወንዱን ሳይቀር ታባርራለች። ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያልበዛበት ውሃ ይፈልጋል።

4. የቀንድ አውጣ ቤት ነዋሪዎች። ከታንጋኒካ ሐይቅ የመጡ ናቸው። ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ይኖራሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ። የእነሱ ሐይቅ ውሃ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ጠንካራ የቧንቧ ውሃ ብዙ አያስቸግራቸውም።

የትኛው ቤትሽ እንዳለ ካላወቅሽ የገዛውን ሰው ጠይቂ። የሚፈልጉት ሙቀትና ውሃ እንደየዓይነታቸው ይለያያል።

የሪያድ ውሃ ለዓሣ እንደወረደ አይሆንም

ሪያድ ወንዝም ሐይቅም አጠገቧ የለም። ውሃዋ በአብዛኛው እንደ ጁበይል ካሉ የባሕር ዳር ጣቢያዎች ጨው ወጥቶለት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቱቦ የሚመጣ ነው። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃም ይቀላቀልበታል። ለሰው ጤና ሲባል ክሎር ይጨመርበታል። ክሎር ለኛ ምንም አይደለም፤ የዓሣን መተንፈሻ ስንጥብ ግን ያቃጥላል። ስለዚህ ከቧንቧ ቀድቶ በቀጥታ ገንዳ ውስጥ መጨመር አይቻልም።

መፍትሔው የእንስሳት መሸጫ ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ጠብታ ነው፤ በዓረብኛ «ሙዚል ኩሎር» ይባላል። ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ባልዲው ውስጥ ትጨምሪያለሽ። ጠብታው ከሌለ ውሃውን ክፍት ባልዲ ውስጥ ለ24 ሰዓት ማሳደር ተራውን ክሎር ያስወጣል፤ ክሎራሚን የሚባለውን ዓይነት ግን አያስወጣም። ስለዚህ ጠብታው ይሻላል፣ ዋጋውም ከአንድ ራም ዓሣ ሞት አይበልጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። በበጋ ሪያድ ከ45 ዲግሪ በላይ ስትሆን ጣሪያ ላይ ያለው ኸዛን ውሃ ይፈላል ማለት ይቻላል። «ቀዝቃዛ» ከሚለው ቧንቧ የሚወጣው ውሃ እጅ የሚያቃጥልበት ቀን አለ። ያንን ገንዳው ውስጥ ብትጨምሪ ዓሦቹን መቀቀል ነው። ውሃውን ቀድተሽ ሳሎን ውስጥ አሳድሪው፣ ከዚያ በቴርሞሜትር ለክተሽ ከገንዳው ጋር እኩል ሲሆን ጨምሪ። የ1 ወይም የ2 ዲግሪ ልዩነት ብዙ አይጎዳም፣ ከዚያ በላይ ግን ያስደነግጣቸዋል።

ሦስተኛው ሙከየፍ ነው። ሰው «በዚህ አገር ሙቀት ለዓሣ ማሞቂያ ምን ይሠራል?» ይላል። ውጭ 45 ዲግሪ ቢሆንም ሳሎኑ በሙከየፍ 20 ዲግሪ ከሆነ ገንዳውም ወደ 20 ይወርዳል። ራም በዚያ ቅዝቃዜ ይታመማል፣ እንቁላልም አይጥልም። ስለዚህ የገንዳው ማሞቂያ በጋም ክረምትም ይሠራል። «መብራት ይበላል» ተብሎ ከሶኬት የተነቀለ ካየሽ ንገሪያቸው።

እርሾው ፊልተሩ ውስጥ ነው

ይህን ክፍል ከገባሽ ሌላው ቀላል ነው። ዓሣ ሲበላና ሲጸዳዳ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ በዓይን አይታይም፣ ውሃው ጥርት ብሎ ሊገድል ይችላል። ይህን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ፊልተሩ ስፖንጅ ውስጥና አሸዋው ላይ ይኖራሉ። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ሌላ መርዝ ይለውጣል፣ ሌላው ደግሞ እሱን ብዙ ወደማይጎዳ ናይትሬት ይለውጣል። የቀረውን ናይትሬት አንቺ በየሳምንቱ ውሃ ስትቀይሪ ታስወጪዋለሽ።

የእንጀራ እርሾ አስቢ። ቡሆ ዕቃውን በሳሙና ፈትገሽ እርሾውን ብትደፊው ለሚቀጥለው ጊዜ ምን ይቀርሻል? ፊልተሩም እንዲሁ ነው። ያ ቡናማ፣ የሚያሟልጭ ነገር እርሾው ነው። አዲስ ገንዳ ላይ ይህ እርሾ እስኪሰናዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ስታጥቢው ክሎሩ ይገድለዋል። ገንዳውን በሙሉ አፍስሰሽ አሸዋውን ካጠብሽ ደግሞ ሁሉንም ነገር ከዜሮ ጀመርሽ። ከዚያ በኋላ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ዓሦቹ ውሃው ላይ ተንሳፈው አየር ሲስቡ ታያለሽ፣ ይሞታሉም። ያኔ መዳም «ገንዳውን ያጸዳሽው አንቺ ነሽ» ብትል ምን ትመልሻለሽ?

ትክክለኛው አጸዳድ ይህ ነው።

- በሳምንት አንድ ቀን ከውሃው ሩቡን ብቻ ቀይሪ።
- የወጣውን አሮጌ ውሃ ባልዲ ውስጥ አስቀምጪና ስፖንጁን እዚያው ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊ። ጥቁር ሆኖ ቢቀር ምንም አይደለም።
- መስታወቱን ከውስጥ በደረቅና ንጹሕ ስፖንጅ ብቻ ጥረጊ። ሳሙና፣ ክሎሮክስ፣ ፌሪ በፍጹም።
- ለዓሣ የሚሆን የራሱ ባልዲ ይኑር። ክሎሮክስ የነካው ባልዲ ምንም ብታለቀልቂው አይታመንም።

ሊወልዱ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?

ሁለት ዓሦች ከሌሎቹ ተነጥለው አንድ ጥግ ይይዛሉ፣ የቀረበውን ሁሉ ያባርራሉ። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የመስታወቱን ግድግዳ በአፋቸው ያጸዳሉ፤ አዎ፣ እነሱም ያጸዳሉ። ክሪቤንሲስና አፒስቶግራማ ዋሻ ይፈልጋሉ፤ የተገለበጠ የአበባ ሸክላ ወይም የኮኮናት ቅርፊት በር ተቆርጦለት ይበቃቸዋል። ሴቷ ቀለሟ ይደምቃል።

እንቁላሉ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ የሚበልጥ፣ ድንጋዩ ላይ ወይም የዋሻው ጣሪያ ላይ ተጣብቆ የሚታይ ነገር ነው። ራም ከመቶ በላይ ሊጥል ይችላል፤ አፒስቶግራማ ያንሳል። ሞቅ ባለ ውሃ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የተፈለፈሉት መጀመሪያ መዋኘት አይችሉም፤ አንድ ላይ ተከማችተው ጭራቸውን ብቻ ያርገበግባሉ። ወላጆቹ አሸዋውን ቆፍረው እየለቀሙ በአፋቸው ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ያዛውሯቸዋል። ሰው «ልጆቿን በላች» ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን እያዛወረቻቸው ነው። ከ4 እስከ 6 ቀን ቆይተው እንደ ደመና አንድ ላይ መዋኘት ይጀምራሉ፣ እናታቸውም ከፊት ከኋላ ትመራቸዋለች።

በዚህ ጊዜ ማድረግ ያለብሽ ጥቂት ነው።

- አሸዋውን አትንኪ፣ ድንጋይና ሸክላ አታንሺ፣ ጌጥ አታዛውሪ።
- መስታወቱን አታንኳኪ፣ ልጆቹም እንዳያንኳኩ ንገሪ። ወላጆቹ ከደነገጡ እንቁላላቸውን ራሳቸው ይበሉታል።
- የፊልተሩ መሳቢያ ጫጩት እንዳይውጥ በስስ ስፖንጅ ወይም በንጹሕ የናይለን ካልሲ ሸፍኚው።
- ነጭ ሻጋታ የያዘ እንቁላል ካየሽ እሱ የሞተ ነው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ይለቅሙታል።

መጀመሪያ የወለዱ ወጣት ጥንዶች እንቁላላቸውን መብላታቸው የተለመደ ነው። ያንቺ ጥፋት አይደለም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና ይሞክራሉ፣ እየተማሩም ይሄዳሉ። ደጋግመው ሲጥሉ ሁሉም እንቁላል የሚነጣ ከሆነ ውሃው ለዓይነቱ በጣም ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ወጥ ቤት ያለው የመጠጥ ውሃ ፊልተር አርኦ የሚባለው ከሆነ ከሱ የወጣውን ከቧንቧው ጋር መቀላቀል ለራምና ለአፒስቶግራማ ይረዳል። ለውጡ ግን ቀስ በቀስ፣ በየሳምንቱ በጥቂቱ ይሁን፤ በአርኦ ውሃ ብቻም ገንዳ አይሞላም።

ጫጩት ምን ይበላል?

ብዙዎቹ የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። መዋኘት የጀመረ ጫጩት አፉ ትንሽ ስለሆነ የትልልቆቹን ምግብ አይችልም። የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን የፈላ እንቁላል አስኳል በመርፌ ጫፍ የምትይዢውን ያህል፣ በጥቂት ውሃ በጥብጠሽ ማንጠባጠብ ይቻላል። ከበዛ ግን ውሃውን ያበላሻል።

ከሁሉ የሚሻለው አርቴሚያ ነው። እንቁላሉ በቆርቆሮ ይሸጣል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ሁለት ያልሞላ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የአርቴሚያ እንቁላል ትጨምሪና ከአየር ፓምፑ ቱቦ አስገብተሽ እንዲንቦቀቦቅ ታደርጊያለሽ። በ27 ዲግሪ አካባቢ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ ብርቱካናማ ነጥቦች ሲዋኙ ታያለሽ። አየሩን ዝጊ፤ ባዶው ቅርፊት ይንሳፈፋል፣ ሕይወት ያለው ወደ ታች ይወርዳል። ታችኛውን በቀጭን ቱቦ ስበሽ፣ በስስ ጨርቅ አጥልለሽ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ ስጪ። የጫጩቶቹ ሆድ ብርቱካናማ ሲሆን ጠግበዋል ማለት ነው። በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት።

ትልልቆቹ ዓሦች በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ ይበቃቸዋል። ልጆቹ ምግብ መበተን ይወዳሉ። የቀኑን ድርሻ በትንሽ ክዳን ላይ አስቀምጪላቸውና እሱን ብቻ ይስጡ፤ ቆርቆሮው ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ።

ዓሣ የሚገድሉ የቤት ነገሮች

ቡኹር ሲጨስ፣ ፍሊት ሲነፋ፣ የመስታወት ማጽጃ ሲረጭ የአየር ፓምፑ ያንን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል። ፍሊት ከሁሉ የከፋ ነው። በዚያ ሰዓት ፓምፑን አጥፍተሽ ገንዳውን በፎጣ ሸፍኚ፣ ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ መልሰሽ ማብራቱን ግን አትርሺ። የገንዳውን ውጭ ስትወለውዪም ማጽጃውን ጨርቁ ላይ ርጪ እንጂ መስታወቱ ላይ አትርጪ። እጅሽ ላይ ክሬም ወይም ክሎሮክስ ካለ ውሃው ውስጥ አታስገቢ።

ያንቺ ደኅንነት ይቀድማል

ውሃና መብራት አንድ ላይ ናቸው። እጅሽን ከማስገባትሽ በፊት ማሞቂያውንም ፊልተሩንም ከሶኬት ንቀዪ። ማሞቂያው ከተነቀለ በኋላም ለ15 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ይቆይ፤ ትኩስ ሳለ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ሊፈነዳ ይችላል። ገመዱ የተላጠ ወይም የሚነዝር ከሆነ አትንኪው፣ ለባባ ንገሪ።

1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው። የ100 ሊትር ገንዳ ከአሸዋውና ከመስታወቱ ጋር ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ውሃ ያለበትን ገንዳ ብቻሽን አታንሺ፣ አትግፊም። ባልዲውንም በግማሽ ሞልተሽ ተመላለሺ፤ ወገብሽ ለሌላም ሥራ ያስፈልግሻል።

ውሃ ለማስወጣት ቱቦውን በአፍሽ አትሳቢ። እጅሽ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጊ፤ ከዓሣ ገንዳ ወደ ቁስል የሚገባና ለብዙ ጊዜ የማይድን የቆዳ በሽታ አለ። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ለመዳም ምን ትያለሽ?

መዳም አረንጓዴ ነገር ስታይ «እጠቢው» ልትል ትችላለች። ዝም ብለሽ አትታዘዢ፣ እንቢም አትበዪ፤ አስረጂ። እነዚህን አጫጭር ቃላት ያዢ።

- «ሰመክ ፊ በይድ፣ አልሒን ማ ናግሲል አል-ሖድ።» ዓሣዋ እንቁላል አላት፣ አሁን ገንዳውን አንጠብ።
- «ኑገይር ሩብዕ አል-ሞያ በስ።» ከውሃው ሩቡን ብቻ እንቀይር።
- «ናቢ ሙዚል ኩሎር ወ ሚዛን ሐራራ።» የክሎር ማጥፊያና ቴርሞሜትር እንፈልጋለን።

አንድ ትንሽ ደብተር ገንዳው አጠገብ አስቀምጪ። ቀን፣ ሙቀት፣ ውሃ የተቀየረበት፣ የሞተ ካለ፣ ማን እንደመገበ ጻፊ። ቤተሰቡ ለዒድ ወይም ለዕረፍት ሲሄድ ምን እንድታደርጊ እንዳዘዙሽ በመልእክት እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ይህ የሚጠቅመው ለዓሣው ብቻ አይደለም። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ ደስ እንዳለው ከደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም፤ ሠራተኛ የምትጠየቀው ሆን ብላ ወይም በቸልተኝነት ላጠፋችው ነው። ደብተርሽ ቸልተኛ እንዳልነበርሽ ያሳያል። ለዓሣ ሞት ተብሎ ደመወዝሽ ከተቆረጠና በንግግር ካልተፈታ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ስልክ 19911 ነው። ጫጩት መመገብም ሥራ ነው፤ በ2024 ሥራ ላይ በዋለው ደንብ የቀን የሥራ ሰዓት ከ10 አይበልጥም፣ ይህም ከዚያው ውስጥ ይቆጠራል። በሳምንታዊ የዕረፍት ቀንሽ ማን እንደሚመግብ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛ፣ ዓሦቹ ቢያምሩም ያለ ፈቃድ ቪዲዮ ቀርጸሽ ቲክቶክ ላይ አትለጥፊ፤ መስታወቱ ላይ የቤተሰቡ ሰው ሊታይ ይችላል፣ በዚህ አገር የሰውን ገመና መቅረጽ በሕግ ያስጠይቃል። ሁለተኛ፣ ጫጩቶቹ የቤቱ ንብረት ናቸው። ሱቅ ይቀበላል ብለሽ በስውር አትሽጪ፤ ስርቆት ሊባልብሽ ይችላል፣ ከአሠሪሽ ውጭ ለራስሽ መሥራትም በኢቃማሽ ላይ ችግር ያመጣል። መዳም ራሷ ሱቅ ወስዳ በምግብ ብትለውጣቸው ግን ጥሩ ነው። ሦስተኛ፣ የተረፈውን ጫጩት ዋዲ ሐኒፋ ወስዶ መልቀቅ ለዓሣውም ለዋዲውም ጥፋት ነው፤ ቦታ ከሌለ የሚቀጥለው እንቁላል ለወላጆቹ ይተው።

ነገ ጠዋት ገንዳው ጋ ስትደርሺ ጨርቅ ከማንሳትሽ በፊት ሦስት ነገር ብቻ እዪ፤ ቴርሞሜትሩ ስንት ይላል፣ ፊልተሩ ይሠራል ወይ፣ ዓሦቹስ አንድ ጥግ እየጠበቁ ነው ወይ። እየጠበቁ ከሆነ የዛሬው ጽዳት የውጭው መስታወት ብቻ ይሁን።